«ቁጢጥ በሉ» ሳይሆን «ከቤት ንቅንቅ አትበሉ»

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አውሎ ነፋስ ባወጣችሁት ዜና፣ ባለሥልጣናት ነዋሪውን «ቁጢጥ ብላችሁ ቆዩ» ማለታቸውን አነበብኩ። እንግሊዝኛው «ሀንከር ዳውን» ነው። ለቃላት ጭቅጭቅ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እዚህ ሂውስተን በአማርኛ ዜና ብቻ የሚወስኑ እናቶችና አባቶች አሉ። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ልጆቻቸው ሥራ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

«ሀንከር» የሚለው ቃል መነሻው ስኮትላንድ ነው። በጽሑፍ ከ1720 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። የቋንቋ ሰዎች ሥሩ ከጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ ከኖርስ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ጀርመንኛም «ሆከን» የሚል ዘመድ ቃል አለው። ጥንት ትርጉሙ በእርግጥም ቁጢጥ ማለት ነበር፤ ጉልበት አጥፎ፣ መቀመጫን መሬት ሳያስነኩ በእግር ላይ ማረፍ። በ1959 የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲህ መቀመጥን ፋሽን አድርገውት ነበር። እኛ አገር እሳት ዳር ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አቀማመጥ እዚያ ወሬ ሆነ!

አሜሪካ ውስጥ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም ያዘ። ክፉ ቀን እስኪያልፍ ባሉበት መክተት፣ አለመንቀሳቀስ ማለት ሆነ። በመጋቢት 2020 የአላስካዋ አንኮሬጅ ከተማ ለኮቪድ ያወጣችው ከቤት ያለመውጣት ትእዛዝ ስሙ ራሱ «ሀንከር ዳውን» ነበር። ማንም ጉልበቱን እንዲያጥፍ አልተጠየቀም።

በአውሎ ነፋስ ጊዜ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ካጠፋች ከሳምንታት በኋላ ሪታ የተባለችው ሌላ አውሎ ነፋስ ስትመጣ፣ ሂውስተንና አካባቢዋ በድንጋጤ ነቅሎ ወጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ሙቀቱ አይጣል ነበር፣ ነዳጅ አለቀ። አረጋውያንን የጫነ አውቶቡስ ዳላስ አጠገብ ተቃጥሎ 23 ሰዎች አለቁ። በቴክሳስ ከሞቱት አብዛኞቹን የገደላቸው ነፋሱ ሳይሆን ሽሽቱ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ አይክ የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። ያኔ መልእክቱ ሁለት ሆነ። ጋልቬስተን ባሕሩ ዳር ባለ አንድና ሁለት ፎቅ ቤት የሚቀር ሰው ሞት እንደሚጠብቀው የአየር ትንበያው በግልጽ ተናገረ፤ «ውጡ» ነበር ትእዛዙ። ውሃ የማይደርስበት የሂውስተን ነዋሪ ግን «ሀንከር ዳውን» ተባለ። እዚህ አንድ የቆየ ምክር አለ፦ ከውሃ ሽሹ፣ ከነፋስ ተጠለሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ አጭር መመሪያ አላውቅም።

እንግዲህ አንዲት እናት «ቁጢጥ በሉ» የሚለውን ስታነብ ምን ታድርግ? ቤት ትቅር ወይስ ትውጣ? ዜናው አልነገራትም።

በትክክል ዝቅ ማለት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ ቶርኔዶ፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሚመጣ ኃይለኛ ነፋስ፣ ሲመጣ። ያኔ መስኮት ወደሌለው ምድር ቤት ወይም የውስጥ ክፍል ገብቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጭንቅላትንና አንገትን መሸፈን ነው። አውሎ ነፋስ ራሱ ቶርኔዶ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱ መመሪያዎች በአንድ ቀን ሊደርሱን ይችላሉ። ሁለቱንም «ቁጢጥ በሉ» ካላችሁ አንባቢው በምን ይለያቸው?

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። «ሀንከር ዳውን» ሲመጣ «ከቤት ንቅንቅ አትበሉ፣ እስኪያልፍ ቆዩ» ብላችሁ ጻፉ። «ኢቫክዌት» ሲመጣ «አካባቢውን ለቃችሁ ውጡ» በሉ። ትእዛዙ የትኛውን ሰፈርና ዚፕ ኮድ እንደሚመለከት ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር አስቀምጡልን። የወጣውንም ዜና ቶሎ አርሙት፤ የአውሎ ነፋሱ ወቅት እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢ ከሂውስተን፣ ቴክሳስ