ልጅሽ ግራኝ አይደለም ላለችኝ እህት

ሰላም የደምበጫና የአካባቢው ሰዎች፣ ዛሬ ትንሽ ስለማረዝም ታገሱኝ። ልጄ ትናንት በቀኝ እጁ ዳቦ ይዞ በላ። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፣ እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ አማቴ ደግሞ እልል አሉ።

ማሙሽ ከአምስት ወሩ ጀምሮ ሁሉን ነገር የሚይዘው በግራ እጁ ነበር፣ እኛም ግራኝ ነው ብለን ሳቅን፣ አጎቱም ግራኝ ስለሆነ "በአጎቱ ወጣ" ተባለ አለቀ። ቀኝ እጁ ሁሌ ጭብጥ ነው፣ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሳጥበው በግድ ነበር የምፈለቅቀው፣ መዳፉ ውስጥ ላብና እድፍ ተጠራቅሞ የኮመጠጠ ወተት ይሸታል። ይሄን በየቀኑ እያየሁ አልነቃሁም። አንድ ቦታ (ስም አልጠራም) ሳሳየው "ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ይደርሳል" አሉኝ፣ እኔም መስማት የፈለኩት እሱን ስለነበር ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ስወስደው ግን የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ወግታው ካርዱን ከጻፈች በኋላ እስክሪብቶዋን በቀኙ በኩል "እንካ" አለችው። ግራ እጁን አሻግሮ ወሰደ። ተቀበለችውና ግራ እጁን ቀስ ብላ ይዛ ድጋሚ ሰጠችው፣ ቀኙ ንቅንቅ አላለም፣ አፉን ከፍቶ በአፉ ሊወስድ ሄደ። "እህቴ፣ ህፃን ከአመቱ በፊት እጅ አይመርጥም፣ በሁለቱም ነው የሚይዘው፣ ግራኝ መሆኑ የሚለየው ቆይቶ ነው" አለችኝ። ያለ ትራስ ይቀመጣል? አንገቱን የቻለው መቼ ነው? ስትለኝ ላቤ መጣ፣ ምክንያቱም አይቀመጥም ነበር። ሪፈር ጻፈችልኝ።

ባህር ዳር ዶክተሯ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ነው አለችን። ከመወለዱ በፊት ወይ ሲወለድ የአንጎሉ ግራ ጎን ተጎድቷል፣ ለዛ ነው የደከመው ቀኙ። ጉዳቱ አይጠፋም ግን የህፃን አንጎል ገና እየተሰራ ስለሆነ ቶሎ ከተጀመረ ብዙ ይማራል አለች። ፊዚዮቴራፒ ያሳየችን ልጅ ደግሞ ደህናውን እጁን በቀን የተወሰነ ሰዓት ካልሲ አልብሰን በደካማው እንድናጫውተው ነገረችን። መጀመሪያ ሰሞን ካልሲውን በጥርሱ ይጎትታል፣ ይጮሃል፣ አማቴም "ልጁን አሰራችሁት!" ብለው ተቆጥተውኝ ነበር፣ በኋላ ግን ከኔ በላይ የበረቱት እሳቸው ሆኑ፣ ባቄላ እየዘረገፉ አንድ በአንድ ያስለቅሙታል (ኋላ እንዳይውጠው አይናቸውን አይነቅሉም)።

ስለዚህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላንቺ እህቴ፣ ያን ቀን ወረፋው በር ድረስ ሞልቶ እስክሪብቶ ይዘሽ ልጄን ላየሽው፣ ውለታሽን የምከፍልበት እድሜ ይስጠኝ። ለዶክተሯ፣ ለፊዚዮቴራፒስቷ፣ መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት በስልክ እየደወለች ያሰራችኝ እሷ ናት። ማህበርተኞቼ የትራንስፖርት ያዋጣችሁልኝ ብድር መላሽ ያድርገኝ። ለአማቴ ምን እላለሁ፣ እሳቸው ያውቁታል።

መናኸሪያ ድረስ በሌሊት ያመላለስከን ባለ ባጃጅ ደግሞ፣ ሂሳብ አልቀበልም ብለህ ሄደሃል፣ እንግዲህ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ ጤፉ እቤት ተቀምጦልሃል፣ እንቢ ብትል ማሙሽ ራሱ ነው የሚሰጥህ፣ በቀኙ።