ምጣዱን በሶኬት መለኪያ አትለኩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የመብራት ሒሳብ ለመቀነስ በሶኬት የሚሰካ መለኪያ የገዛችሁ፣ እባካችሁ የእንጀራ ምጣድ አትሰኩበት። መለኪያው ብዙውን ጊዜ የሚችለው እስከ 16 አምፔር ነው፤ ከ3,000 ዋት በላይ የሚስብ ምጣድ ለረጅም ሰዓት ሲጋገርበት ግሎ ሊቀልጥ ይችላል። ለምጣድ ክላምፕ ሜትር (ሽቦን ከውጭ አቅፎ ኮረንቲ የሚለካ መሣሪያ) ይሻላል፤ የሚታቀፈው ግን አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ሁለቱ አብረው ከታቀፉ የሚሄደውና የሚመለሰው ኮረንቲ ስለሚጣፋ ዜሮ ያሳያል።

ፍሪጅ ግን በሶኬት መለኪያው 24 ሰዓት ሙሉ ይለካ፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ያርፋል።

ምንም ሳትገዙም የዲጂታል ቆጣሪው ብልጭታ ይረዳችኋል። ፊቱ ላይ በኪሎዋት ሰዓት 1,000 ብልጭታ ተብሎ ከተጻፈ፣ 3,600ን በሁለት ብልጭታዎች መካከል ባለው ሰከንድ አካፍሉ፦ 36 ሰከንድ 100 ዋት ነው። ሁሉን ነቅላችሁም ብልጭታው ከቀጠለ፣ ከቆጣሪያችሁ የሚስብ ሌላ መስመር ወይም የሚያፈስ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል ባለሙያ ጥሩ።