የወፏ ድርሻ

አባዬ፣ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ ተሻለህ?

ትናንት «ገንዘብ አትላክ፣ ምን ጎደለብኝ!» ብለህ ስልኩን ስትዘጋብኝ ተናድጄ ነበር። ማታ ግን ስለ አንዲት ወፍ ሳነብ አመሸሁና ንዴቴ በረደልኝ። ሰውን እየመራች ማር ያለበት የምታደርስ ወፍ ናት። የንብ ነገር ስለሚሆንልህ ልንገርህ።

ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ኒያሳ በሚባለው አካባቢ፣ ያዎ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ማር ፍለጋ ሲወጡ «ብርርር... ህም» እያሉ ይጣራሉ። ወፏ ከሰማች ትመጣለች። ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች፣ እየጮኸች ትመራቸዋለች። ንቦቹ ጋ ስትደርስ ድምጿ ለስለስ ይልና ዝም ትላለች። ሰዎቹ ንቡን በጭስ አባረው ግንዱን በመጥረቢያ ይከፍታሉ። ማሩ የእነሱ፣ ሰሙ የእሷ። ሆዷ ሰም ይፈጫል፤ ግን ንብ የሞላበትን ግንድ ብቻዋን አትደፍረውም።

ማንም አላላመዳትም እኮ! የዱር ወፍ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ሌሎች ወፎች ጎጆ ውስጥ ስለሆነ እናቷም አላስተማረቻትም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በያዎዎቹ ጥሪ ወፏ የመምራት ዕድሏ 66 በመቶ እንደሚደርስ አሳይቷል፤ በሌላ ድምፅ 33 ብቻ ነው። ሰሜን ኬንያ ያሉ ቦረናዎች ደግሞ ያለ እሷ ቀፎ ለማግኘት ወደ 9 ሰዓት ይፈጅባቸዋል፣ ከእሷ ጋር 3 ሰዓት ገደማ። ይህንን ያጠናው ሁሴን ኢሳክ የሚባል ኬንያዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው የወጣው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ያዎዎቹ ማሩን ቆርጠው ሲጨርሱ ሰሙን ለቃቅመው ለምለም ቅጠል ይጎዘጉዙና እላዩ ላይ ያስቀምጡላታል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ድርሻዋን የከለከላትን ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አንበሳ ጋ ትወስደዋለች ይባላል። ታንዛኒያ ያሉት ሃድዛዎች ግን ሰሙን ይደብቁታል ወይ ያቃጥሉታል። ካልጠገበች ሌላ ቀፎ ታሳያለቻ! ስስት ይመስላል፤ ግን ከእሷ ጋር የኖሩት እነሱ ናቸው፣ እኔ ምን ብዬ ልፍረድ።

ቅጠሉ ላይ ያለውን ሰም ሳስብ አንተ ትዝ አልከኝ። ማር ስትቆርጥ አንዱን የማር እንጀራ ሁሌ ቀፎው ውስጥ ትተወው ነበር። «አባዬ፣ እሱን ረሳኸው» ስልህ፣ እጅህን እንኳ ሳትመልስ «እሱ የእነሱ ነው» ትለኝ ነበር።

ወፏ ግን «ምን ጎደለብኝ» አትልም፣ አባዬ። ቅጠሉ ላይ ትወርድና ትበላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ገንዘቡን እልክልሃለሁ። ለጉልበትህ ማሳከሚያ ነው። ስልኩን ደግሞ አትዝጋብኝ።

ልጅህ