እንግዶቹን በማለዳ ይዛችሁ ውጡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ የምኖር ጡረተኛ ነርስ ነኝ። ሮታሪ የተባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ክበብ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊዮን ለማጥፋት ሲለፋ ቆይቷል። አባላቱ በራሳቸው ወጪ ባሕር ተሻግረው መጥተው ከክትባት ሠራተኞቻችን ጋር ቤት ለቤት ሲዞሩ ማየት ደስ ይላል። እግዜር ይስጣቸው።

ለልጁ ሁለት ጠብታ አፉ ላይ፣ ቀለም ጣቱ ላይ፣ አለቀ። ግን ክትባቱ ሙቀት አይችልም፤ የድሬ ፀሐይ ደግሞ ታውቃላችሁ። የክትባት ሠራተኞች ሆይ፣ የክትባቱ ሳጥን ውስጥ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ፣ እንግዶቹን ይዛችሁ በማለዳ ውጡ።

ሌላው፣ ከእንግዶቹ መካከል ልጅ እያለቀሰ ካሜራ የሚደግኑ አሉ። ኧረ በፈጣሪ፣ መጀመሪያ እናቲቱን ጠይቋት!

ከፊት የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትሂድ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ታግባባለች። ጓዳ የተኛችውን አራስም ታውቃታለች፤ የእሷ ሕፃን ነው ሳይከተብ የሚታለፈው።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ