«ኦልዌይስ» የት ይግባ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አራት ኪሎ አካባቢ የሥራ ማመልከቻ እተይባለሁ። ወጣቶች በእጃቸው ጽፈው ከሚያመጡት እንግሊዝኛ አዘውትሬ የማርመው «አይ ከም ኦልዌይስ ኦን ታይም» የሚለውን ዓይነት ነው። «ኦልዌይስ» (ሁልጊዜ)፣ እንደ «ኔቨር» (በፍጹም) እና «ዩዡዋሊ» (አብዛኛውን ጊዜ) ሁሉ፣ ከዋናው ግስ ይቀድማል፦ «አይ ኦልዌይስ ከም»። ከ«ኢዝ» ጋር ሲሆን ግን ይከተላል፦ «ሺ ኢዝ ኦልዌይስ ኧርሊ»። ረዳት ግስም ካለ ከእሱ በኋላ ነው፦ «አይ ሃቭ ኔቨር ዎርክድ»። «ሳምታይምስ» (አንዳንዴ) ግን የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያም መጨረሻም ቢገባ ያስኬዳል።

ልጆቹን አልወቅስም። በቀደም አንዲት የአካውንቲንግ ምሩቅ ሕጉን ሳትደናቀፍ አነበነበችልኝ፤ ማመልከቻዋ ላይ «ዩዡዋሊ» ከግሱና ከተሳቢው መሀል ተሰንቅሯል። በትምህርት ቤት የመልመጃ ባዶ ቦታ ስትሞላ ኖራ፣ አንቀጽ ጽፋ ያረመላት የለም። መምህራን፣ እባካችሁ በየሳምንቱ አንድ አንቀጽ አስጽፏቸው፤ አርማችሁም መልሱላቸው።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ