ቃላችን በወረቀት ይስፈር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በየዓመቱ ኤፕሪል 16 የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። ብዙ ወገናችን ዕለቱን የሚያውቀው በዕረፍትነቱ ነው። በ1862 (እ.ኤ.አ.) በዚያ ቀን በተፈረመው ሕግ በከተማዋ በባርነት የተያዙ ከ3,000 በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ፤ ካሳ የተከፈለው ግን ለጌቶቻቸው ነው፣ በአማካይ በነፍስ ወከፍ እስከ 300 ዶላር። ነፃ ለወጣው ሰው የታሰበለት እስከ 100 ዶላር ነበር፤ ያውም አሜሪካን ለቅቆ ለመሄድ ከተስማማ!

እምብዛም የማይወራው የዚያው ዓመት የጁላይ 12ቱ ተጨማሪ ሕግ ነው። ጌታው ሳያመለክት ከቀረ፣ በባርነት የነበረው ሰው ራሱ ማመልከቻ እንዲያስገባ ፈቀደ፤ የጥቁርም የነጭም ምስክርነት ተቀባይነት አገኘ። በዚያ በር የገቡት ሰዎች ነፃነታቸውን ያረጋገጡት በጽሑፍና በምስክር ነው።

ዛሬም ከተማዋ በሴኔት ድምፅ የላትም። በሰፈር ጉዳይ ግን መንገድ አለ፤ እኛ እየሳትነው ነው እንጂ። ይኸውም ነዋሪው የሚመርጠው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን (ኤኤንሲ) ነው፤ እያንዳንዱ አባል የሚወክለው ወደ 2,000 ነዋሪ ነው። ኮሚሽኑ በጽሑፍ ለሚያቀርበው አስተያየት የከተማው መሥሪያ ቤቶች «ከፍተኛ ክብደት» እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳል። ይታዘዙታል ማለት አይደለም፤ ለተነሳው ለእያንዳንዱ ነጥብ በጽሑፍ መልስ መስጠት ግን አለባቸው።

የኛ ሰው አንድን የፈቃድ ጥያቄ ለመቃወም 200 ፊርማ አሰባስቦ በቀጥታ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ይልካል። ፊርማው ይህን ክብደት አያገኝም፤ የሚያገኘው ምልዓተ ጉባኤ በተሟላበት ግልጽ ስብሰባ ኮሚሽኑ ድምፅ የሰጠበት ውሳኔ ነው። ሌላው ስሕተት ዘግይቶ መምጣት ነው። ለኮሚሽኑ አስተያየት ማቅረቢያ የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኛው 30 የሥራ ቀን ሲሆን ኮሚሽኑ የሚሰበሰበውም በወር አንዴ ያህል ነው፤ ስለዚህ የፈቃድ ጥያቄው ማስታወቂያ በር ላይ በተለጠፈ ሳምንት ለሰፈሩ ኮሚሽነር መጻፍ ያስፈልጋል። «እንቃወማለን» ብቻ አይበቃም። መንገዱን፣ ሰዓቱን፣ ችግሩን ለይታችሁ ጻፉ፦ የጭነት መኪና ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት መተላለፊያውን የሚዘጋ ከሆነ ይኸው ይጻፍ። ኮሚሽኑ ድምፅ ከመስጠቱ በፊትም ነጥባችሁ በውሳኔው ረቂቅ ውስጥ መግባቱን አንብባችሁ አረጋግጡ።

እንግሊዝኛ ስለማይሆንላቸው የሚቀሩ አሉ። የ2004ቱ (እ.ኤ.አ.) የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ያካትታል፤ በከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል። እባካችሁ በቤት ኪራይ ወይም በሕክምና ጉዳይ ልጅ አታስተርጉሙ፤ ልጁ ያልገባውን ዘልሎ ያልፋል፣ ስሕተቱም በእናንተ ስም ይመዘገባል። አስተርጓሚ ከተከለከላችሁ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተሰጣችሁን መልስ እዚያው መዝግባችሁ ለከተማው የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አቤት በሉ።

ጋዜጣችሁንም አንድ ነገር እንለምናለን፦ ብዙ ነጋዴዎቻችን ያሉባቸውን የዩ ጎዳናና የ9ኛ ጎዳና አካባቢ ኮሚሽኖች የስብሰባ ቀንና አጀንዳ በየወሩ በአማርኛ አውጡልን።