ቤታችሁን ሳናይ ቡችላ ያልሰጠንበት ምክንያት

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፉት ሦስት ሳምንታት ቀብድ ከፍላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጆቻችሁን አስከትላችሁ መጥታችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ከበራችን ተመልሳችኋል። ስለተጉላላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔውን ግን አላነሣውም። ስምንት ሳምንት ያልሞላው ቡችላ ከዚህ ቤት አይወጣም፤ የሚያድርበትን ቦታም ሄደን ሳናይ አናስረክብም። በዋጋው ላይም 500 ብር ጨምሬአለሁ።

አንድ የቆዩ ደንበኛችን «ውሻ ልገዛ መጣሁ እንጂ ልጅህን ላጭ አልመጣሁም» ብለውኛል። በሩ ላይ አብሬአቸው ሳቅሁ፤ ማታ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። እውነታቸውን ነው፤ እንደ አማች ነው የመረመርኳቸው። አጥሩ ሙሉ ነው? ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? ዝናብ ሲመጣ የት ይጠለላል?

አባቴ እዚሁ ጅማ የቡና መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። አብራቸው የምታድር ውሻ ነበረቻቸው፤ ለራሳቸው ካፖርት ሳይደርቡ በፊት ለእርሷ ጆንያ ያነጥፉ ነበር። «እርሷ ከበረዳት እኔን ማን ይጠብቀኛል?» ይሉ ነበር። እኔ ይህን ሥራ በ2006 ዓ.ም. በአንዲት ሴት ውሻ ስጀምር ጎረቤት ሁሉ ስቆብኛል። ከእናንተ መካከል ከእርሷ ልጆችም፣ ከልጅ ልጆቿም የወሰዳችሁ አላችሁ። ስለዚህ ነው «ገንዘብ ወዳድ ሆነ» መባሌ ያመመኝ።

ያለፈው ሐምሌ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ገና ስድስት ሳምንት የሆነውን ቡችላ አንድ ቤተሰብ ለመኑኝ። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነበርና ሰጠኋቸው። በአራተኛው ቀን «አልበላ አለ» ብለው ደወሉ። ሄጄ ሳይ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ፣ የቆርቆሮው ፍሳሽ በሚወርድበት፣ ሲሚንቶ ላይ ታስሯል። ሰንሰለቱ የትልቅ ውሻ ነው፤ ከክብደቱ የተነሣ አንገቱን ቀና ማድረግ አቅቶታል። ፊቱ በሳህን የላም ወተት ተቀምጧል፤ ተቅማጥ ያስያዘውም ያው ወተት ነበር። ቤተሰቡ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ቆንጆ ሳህን ገዝተውለታል፤ ትንሿ ልጃቸው ስም አውጥታለታለች። የሚነግራቸው ሰው ነው ያጡት፤ መንገር የነበረብኝም እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ሞተ።

ቡችላ ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል ነው የንክሻውን ልክ የሚማረው። ያለጊዜው ከእናቱ የተለየ ብዙ ጊዜ ፈሪና ተናካሽ ይሆናል። ቡችላ የሚገድሉት የፓርቮና የዲስቴምፐር በሽታዎች ክትባትም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ፣ አራት ወር እስኪሞላው በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ በሦስት ወሩ ይሰጠዋል።

እነዚያን ሁለት ተጨማሪ ሳምንታት የምቀልበው እኔ ነኝ። ድሮ ከልኳንዳ በነጻ አመጣው የነበረው ቅንጥብጣቢ ዛሬ በኪሎ ይሸጥልኛል። ክትባቱ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የሆነውን ለእናንተ አልነግራችሁም። የጨመርኩት 500 ብር የመጀመሪያውን ክትባትና አናጺዎች ከሚተርፋቸው ጣውላ የማሠራውን ማደሪያ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ቤታችሁ ስመጣ የባጃጁን የምከፍለው ራሴ ነኝ።

ደግሞም ሶፋ ላይ አውጡት አላልኩም። ብዙዎቻችሁ በሃይማኖታችሁ ምክንያት ውሻ ከቤት አታስገቡም፤ አከብረዋለሁ፤ በረንዳና ግቢ ይበቃል። የምፈልገው ከመሬት ስንዝር ከፍ ያለ፣ ጀርባውን ለነፋስ የሰጠ፣ የጅማ ዝናብ የማያገኘው ማደሪያ ነው። ውስጡ ደረቅ ጆንያ፣ አጠገቡ ንጹሕ ውኃ። ስትወስዱት እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ ቆርጬ እሰጣችኋለሁ፤ አትጠቡት፣ ሽታው ነው የሚያስተኛው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ማልቀሱ አይቀርም። ለብ ያለ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አድርጉለት እንጂ አትምቱት።

ከእራት የተረፈ ወጥም አትስጡት። ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የለንም፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ግቢያችሁ ቡና የምታሰጡ፣ ሰሌኑን አጥሩለት። ቡችላ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፤ ቡና ልቡን አስደንግጦ ያንቀጠቅጠዋል። እኛን የሚያነቃን እርሱን ሊገድለው ይችላል።

ቀብዱን የሚፈልግ እስከ ቅዳሜ ድረስ መጥቶ ሳይጎድል ይውሰድ። ሌላ ሻጭ ዘንድ ብትሄዱ አልቀየምም ብዬ ነበር፤ ውሸት ነው፣ እቀየማለሁ። ለምትጠብቁኝ ግን በእጄ ያሉት ሰባቱ ቡችሎች የፊታችን ሐሙስ ስምንት ሳምንት ይሞላቸዋል። ከማክሰኞ ጀምሮ በቀብድ አከፋፈላችሁ ተራ እየደወልኩ እመጣለሁ። ቡና ማፍላት አይጠበቅባችሁም፤ የሚያድርበትን ጥግ ብቻ አሳዩኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቤቱ ባለቤት
ጅማ